የድሮ የኮረኮንች ውድድር ሪሞት መኪኖችን መሰብሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ወዳለው ሜዳ መኪናዬን ይዤ ስወጣ ቀድመው የሚከቡኝ ልጆች ናቸው። ከልጆቹ ኋላ አባቶች ይመጣሉ፤ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ያቀና መንገደኛም ቆም ብሎ ያያል። ጥያቄያቸው ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ነው። መመለስ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ባትሪው ሲያልቅ ሁሉም ይበተንና መልሴ ከመንገድ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ መኪኖች መጫወቻ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። መጫወቻ ተገዝቶ፣ ባትሪ ገብቶበት፣ ሲሰበር የሚጣል ነው። እኔ የምሰበስባቸው ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በኮረኮንች ላይ ለመወዳደር የተሠሩ፣ ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄዱ ባጊዎች ናቸው። ሲገዙ መኪና አልነበሩም፤ በሳጥን የተሞሉ ፍሬዎች ነበሩ። ገዢው መመሪያውን ዘርግቶ ማርሹን፣ ሞላውን፣ ኩሽኔታውን አንድ በአንድ ገጥሞ፣ ቦዲውን ራሱ ቀብቶ፣ ሪሞቱን ለብቻ ገዝቶ ነበር መኪና የሚያደርጋቸው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሳጥኖች በሁለት ሰው እጅ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ይሆናሉ።

ለመለየት ገልብጠው ሆዱን ይዩት። መጫወቻ ከሆነ በአንድ ፕላስቲክ ተከድኖ በአራት አምስት ብሎን ታስሯል። የውድድር መኪና ከሆነ በአብዛኛው አራቱም እግሮች ለየብቻ ይፈታሉ፤ ሾክ አብዞርበሩ ውስጥ እውነተኛ ዘይት አለ፤ የሞተሩ ማርሽ ተፈትቶ ባነሰ ወይም በበዛ ጥርስ ይቀየራል።

ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

በጃፓን ሺዙኦካ የሚገኘው ታሚያ የተባለ ፋብሪካ በ1979 ረፍ ራይደርንና ሳንድ ስኮርቸርን አወጣ። ከዚያ በፊት የሪሞት መኪና ውድድር በአብዛኛው የአስፋልት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን አሸዋና ጉብታ ላይ ወጡ። ሌላው የጃፓን ፋብሪካ ኪዮሾ በ1982 ስኮርፒዮንን ይዞ ተከተለ።

ነገሩን የለወጠው ግን በ1984 ከካሊፎርኒያ የመጣው የቲም አሶሼትድ አርሲ 10 ነው። ነዳፊው ሮጀር ከርቲስ ይባላል። ሻንሲው ከአሉሚኒየም ሉህ ተጠፍጥፎ እንደ ገበቴ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ፣ በወርቃማ ቀለም የተነከረ ነው። አራቱም እግሮች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሾክ አብዞርበሮቹም ከአሉሚኒየም የተሠሩና ዘይት የሚሞሉ ናቸው። በ1985 ዴል ማር፣ ካሊፎርኒያ የመጀመሪያው የአንድ አሥረኛ የኮረኮንች የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ጄይ ሃልሲ በሁለት ጎማ ነጂ (ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ በሚያዞርበት) ምድብ በዚህ መኪና አሸነፈ። በአራት ጎማ ነጂው ምድብ ጊል ሎሲ ጁኒየር በጃፓኑ ዮኮሞ ዶግፋይተር አሸነፈ። በ1987 እንግሊዝ አገር ሮምሲ ላይ ጆኤል ጆንሰን በኪዮሾ አልቲማ፣ ማሳሚ ሂሮሳካ ደግሞ ቀበቶ በሚያሽከረክረው የእንግሊዙ ሹማከር ካት ድል አደረጉ። በ1989 ሲድኒ ላይ ሂሮሳካ ሁለቱንም ምድብ በአንድ ሻምፒዮና ጠቀለለ፤ አንዱን በአርሲ 10፣ ሌላውን በዮኮሞ።

ይህን የምዘረዝረው ለማስደመም አይደለም። ሰብሳቢ መኪናውን ሲይዝ የትኛው ክፍል የየትኛው ዓመት ሐሳብ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። በ1985 የወጣው ኪዮሾ ኦፕቲማ የፊትና የኋላ ጎማውን የሚያገናኘው እንደ ብስክሌት ባለ ሰንሰለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ታሚያ ሆትሾት በዘንግ ነው። የካት ደግሞ በቀበቶ። አንድን ችግር ሦስት ፋብሪካ በሦስት መንገድ ፈታው፤ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣት ማሽከርከር ለእኔ ከማንኛውም ንባብ ይበልጣል።

ጀማሪ በየትኛው ይጀምር?

በታሚያ ሆርኔት ወይም በግራስሆፐር። ሁለቱም የ1984 ናቸው፤ ሻንሲያቸው አንድ ነው። ግራስሆፐር አነስተኛውን 380 ሞተር፣ ሆርኔት ትልቁን 540 ሞተር ይዞ ነበር የወጣው። የዓለም ሻምፒዮና አላሸነፉም፤ ግን በየሰፈሩ ሜዳ ብዙ ተወዳዳሪ በእነርሱ ነው የጀመረው። ፕላስቲካቸው ወፍራም ነው፤ ፋብሪካው በ2000ዎቹ ዳግም ስላመረታቸው መለዋወጫቸው ዛሬም አዲስ ይገኛል። አርሲ 10 ውስጥ እጅዎን የሚያስገቡት ሆርኔት ፈትተው ሁለት ጊዜ ከገጠሙ በኋላ ይሁን።

አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛሉ?

ሦስት ምንጭ አለ። የመጀመሪያው ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች የሚሸጡት የቤት ዕቃ ነው። ከሶፋና ከማቀዝቀዣ ጋር የልጃቸው፣ አንዳንዴም የራሳቸው የልጅነት መኪና ይወጣል። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው።

ሦስተኛውን እወደዋለሁ፤ ቆራሌው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ከብሎካችን ሥር «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ሰምቼ አሮጌ ማሰሮ ይዤ ወረድሁ። ጆንያውን ሲፈታ ከተጨማደደ ጣሳና ከምጣድ ክዳን መሀል ነጭ የፕላስቲክ ጥግ ታየኝ። ጎተት ሳደርገው የሆርኔት ሻንሲ ነበር፤ ጎማ የለው፣ ቦዲ የለው፣ የፊት አንድ እግሩ የለ፤ ግን የማርሽ ቤቱ ሙሉ ነው። ሰውየው በኪሎ ሊሰጠኝ ሚዛኑን አነሣ። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደምፈልገውም ነገርሁት፤ ከኪሎው ዋጋ አብልጬም ከፈልሁት። ከዚያ ወዲህ ሪሞት የሚመስል ነገር ባገኘ ቁጥር መጀመሪያ እኔን ይጠራኛል። ሻጩ የማያውቀውን ዕቃ ዝም ብሎ በርካሽ መውሰድ ነውር ነው እላለሁ፤ ደግሞም ምንጩን ያደርቃል።

መርካቶ ምናለሽ ተራም መሄድ ያዋጣል፤ ሙሉ መኪና ለማግኘት ሳይሆን ለሞተር፣ ለኩሽኔታ፣ ለዘንግ። የወዳደቀ ፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ለእኛ ማዕድን ነው።

ስንት ያወጣሉ?

ቁጥር ብጽፍ በወሩ ውሸት ይሆናል። ግን ይህን ያስቡ፦ ከውጭ የሚያስመጡት ዕቃ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ የመጓጓዣና የመድን ወጪው ተደምሮ ነው። ስለዚህ ርካሽ ግን ከባድ መኪና እቤትዎ ሲደርስ ርካሽ አይሆንም። ሙሉ መኪና ከማስጫን በእጅዎ ላለው የጎደለውን ትንሽ ክፍል ማስመጣት ይሻላል።

ኦሪጅናሉን ዳግም ከተመረተው እንዴት እለያለሁ?

ታሚያ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ፍሮግን፣ ሆርኔትን፣ ሆትሾትን፣ ሳንድ ስኮርቸርን ዳግም አምርቷል። ቲም አሶሼትድ በ2013 አርሲ 10 ክላሲክን አወጣ። ኪዮሾም ስኮርፒዮንን፣ ኦፕቲማንና አልቲማን መልሷል። ዳግም ምርቱ ማጭበርበር አይደለም፤ በግልጽ ተሽጦ በግልጽ የተገዛ ዕቃ ነው። ማጭበርበር የሚሆነው አንድ ሰው አዲሱን አቧራ አልብሶ በአሮጌው ዋጋ ሲሸጠው ነው።

ፕላስቲኩ ላይ በታተመው ዓመት አይታለሉ፤ ቅርጹ የተቀረጸበት እንጂ ዕቃው የተመረተበት ላይሆን ይችላል። ይልቅ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ይዩ። የ1980ዎቹ የታሚያ ባጊዎች ፍጥነታቸው የሚቀየረው በሰርቮ (ሪሞቱ በሚያዝዘው ትንሽ ሞተር) በሚገፋ መካኒካል ማብሪያ ነበር፤ ትርፉን ኃይል በሙቀት የሚያባክን የሽቦ ጥቅል ረዚስተርም ከጎኑ አለ። ያ ረዚስተር ይግላል፤ ብዙ በተነዳ መኪና ላይ በአቅራቢያው ያለውን ፕላስቲክ ለብልቦት ያገኙታል። ዳግም ምርቶቹ በአብዛኛው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ይዘው ነው የሚመጡት። ያን የቃጠሎ ምልክት አስመስሎ መሥራት ቀላል አይደለም።

ስገዛ ምን ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ብሎኖቹን። አናታቸው የተላጠ ከሆነ ሰውየው በማይሆን ካቻቪቴ ሲታገል ኖሯል ማለት ነው፤ ውስጡም በዚያው መጠን ተጎድቶ ይጠብቅዎታል። የጃፓን ብሎን መስቀል እኛ ከምናውቀው ካቻቪቴ ጫፍ ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ስለሚንሸራተት ይልጠዋል። ለጃፓን ብሎን የተሠራ ካቻቪቴ አንድ ብቻ ቢገዙ ዕድሜዎን ሙሉ ያገለግልዎታል።

የአሜሪካኖቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። አርሲ 10 ሁለመናው በኢንች ነው። ብሎኑ 2.84 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ከእኛ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ብሎን ጋር በዓይን አይለይም። ጥርሱ ግን ይራራቃል። «ይገባል» ብለው ባለ 3 ሚሊውን ሲያጠብቁት ሁለት ዙር ይሄድና ዳዶውን በልቶት ያርፋል። ይህን ስሕተት ከሦስት የተለያዩ ሰዎች በገዛኋቸው ሦስት መኪኖች ላይ አግኝቼዋለሁ።

ቀጥሎ የፊተኛውን እግር በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያጥፉ። የደረቀ ፕላስቲክ ከመሰበሩ በፊት ነጭ መስመር ያሳያል። ከዚያ የማርሽ ቤቱን ይክፈቱ፤ ሻጩ እንዲከፍቱ ካልፈቀደ ይተዉት። በመጨረሻ ሻንሲውን ብርሃን ላይ ቀጥ አድርገው ይዩ፤ አሉሚኒየም ከተጣመመ በጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት አንድ ጥግ ይነሣል።

የጎደለ ጎማ፣ የተቀደደ ቦዲ፣ የጠፋ ሪሞት አያስፈራዎት። የጠፋ የማርሽ ቤት ያስፈራዎት።

አሮጌውን መኪና ላድሰው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ከሁሉም በላይ ልናገርበት የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት አርሲ 10 የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣው ያመጣልኝ ነበር። ወርቃማው ሻንሲ ከአፍንጫው ሥር ተቦጫጭሮ ብሩ አሉሚኒየም ወጥቷል። ከሆዱ ደግሞ አንድ ሰው በመርፌ ጫፍ መሰለኝ፣ ቁጥሮች ጭሮ ጽፎበታል። ሁለት ተርታ ነበሩ፤ ከአንዳንዶቹ ጎን ትንሽ መስቀል ነበረች። እኔ ያየሁት ቆሻሻ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ፣ ውኃ እያፈሰስሁ፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ፍቄ እንደ መስተዋት አበራሁት። ሰኞ ማታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ሳየው ከወጥ ቤት የወጣ ትሪ ይመስል ነበር።

ያ ወርቃማ ቀለም ቅብ አይደለም። አሉሚኒየሙ በኤሌክትሪክና በአሲድ ተነክሮ በላዩ ላይ የሚያበቅለው ቀጭን ሽፋን ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ በጨርቅም በቅባትም አይመለስም። የባሰው ግን ቁጥሮቹ ናቸው። የዙር ሰዓት ይሁኑ፣ የማርሽ ጥርስ ልክ ይሁኑ፣ የሞላ ዓይነት ይሁኑ፣ አሁን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። አንድ ሰው ከውድድር ሜዳ ዳር ተንበርክኮ፣ ሌላ ወረቀት ስላላገኘ በመኪናው ሆድ ላይ የጻፈውን ደብዳቤ እኔ አጠፋሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አቧራውን ያጥቡ፤ ጭረቱን ይተዉት። የተሰበረውን ይተኩ፤ የተሰበረውን ግን በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ጽፈው ያስቀምጡ። የአፍንጫው ሥር ጭረት መኪናው ከጉብታ ዘሎ በምን ማዕዘን ያርፍ እንደነበር ይናገራል። የግራው እግር ከቀኙ ይበልጥ ካለቀ ሜዳው በየት በኩል ይዞር እንደነበር ይነግርዎታል። ለዕጥበቱም ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ የዕቃ ሳሙና ይበቃል፤ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ጠንካራ ማጽጃ ያን ወርቃማ ሽፋን ይበላዋል።

መለዋወጫ ከሌለ ምን ይደረጋል?

ቶርኖ ቤት ይሂዱ። በቃሊቲ መንገድ ያሉት ባለ ቶርኖዎች የሲኖትራክ ፔርኖ ሲያስተካክሉ ይውላሉ፤ ግን ትንሽ ነገር ሲመጣላቸው ዓይናቸው ይበራል። አንዱ ጋ የኋላ እግር ማጠፊያ ፒን ይዤ ሄድሁ፤ ከክብሪት እንጨት ብዙ አይወፍርም። አሮጌውን በካሊፐር ሦስት ቦታ ለካ፤ መሀሉ እንዳለቀ አሳየኝና «ትክክለኛ ልኩ ጫፉ ላይ ያለው ነው» አለኝ። ከምናለሽ ተራ ያመጣሁትን የፕሪንተር ዘንግ አስሮ አከከው፤ ክሊፕ የሚገባበትን ቦይ ሲያወጣ ማሽኑን አቁሞ በእጁ እያዞረ ነው የቆረጠው። ሁለት ፒን አዝዤ አራት ሰጠኝ፤ «ይህ ቢጠፋ ማን ይሠራልሃል?» ብሎ።

ቡሽ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት)፣ ፒን፣ የቸርኬ መያዣ፣ ማራዘሚያ እዚህ ይሠራል። የማርሽ ጥርስ ግን የራሱን መቁረጫ ይጠይቃል፤ እርሱን ያስመጡ።

ፕላስቲኩ ደርቆ ቢሰባበርስ?

ናይሎን ከሆነ መድኃኒት አለው፤ ውኃ ነው። ናይሎን እርጥበት ስቦ ሳይሰበር የሚታጠፍ ፕላስቲክ ነው፤ በበጋችን ደረቅ አየር ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ይደርቅና ይሰባበራል። እግሮቹን ፈትተው ሊፈላ በተቃረበ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩአቸው፤ ከዚያም በውኃው ውስጥ እንዳሉ ይቀዝቅዙ። ሲያወጡዋቸው ያ የደረቀ እግር ሲታጠፍ ይታዘዛል። የአርሲ 10 እግር ናይሎን ነው።

የሆርኔትና የግራስሆፐር ሻንሲ ግን ኤቢኤስ የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቅ ውኃ ያጣምመዋል። ከውስጥ የተቀባውንም ግልጽ የፖሊካርቦኔት ቦዲ ሙቅ ውኃ አይንካው። ናይሎንን በጣት ሲዳስሱት ትንሽ ቅባት ያለው ይመስላል፤ ኤቢኤስ ድርቅ ያለ ነው፤ በጥፍር ሲመቱትም ድምፁ ይጮኻል።

ባትሪውንና ቻርጀሩን ምን ላድርግ?

ከአሮጌው መኪና ጋር የመጣውን ባትሪ አይጠቀሙበት። በዘመኑ ስድስት የኒኬል ካድሚየም ሕዋስ ተደርድሮ 7.2 ቮልት ይሰጥ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያገኙት አረንጓዴና ነጭ ዝገት የፈሰሰበት ነው። ፈሳሹ አልካሊ ስለሆነ ጫፎቹን በአቼቶ በነከረ ጥጥ ይጥረጉ፤ ከዚያ በውኃ፣ ከዚያ ያድርቁ። ሕዋሱን ግን አይክፈቱት፣ አያቃጥሉትም፤ ካድሚየም መርዝ ነው።

በቦታው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ያስገቡ፤ ቮልቴጁ ያው ነው። ሊቲየም ፖሊመር ቀላልና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሕዋስ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። የድሮው ፍጥነት መቆጣጠሪያ ደግሞ መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ሊቲየሙን ለአዲስ መኪና ይተዉት። ዘመድዎ ከውጭ ሊያመጣልዎ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንደማይፈቀድ ይንገሩት።

ቻርጀሩ ላይ ሳይሰኩ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። የጃፓኑ ለ100 ቮልት፣ የአሜሪካው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ግድግዳችን ላይ ያለው 220 ነው።

የድሮው ሪሞት ይሠራል?

ብዙዎቹ ይሠራሉ። 27 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሚሠሩት ጥንድ ክሪስታል (የሬዲዮ ሞገዱን የሚወስን ትንሽ ፍሬ) አላቸው፤ አንዱ በሪሞቱ፣ አንዱ በመኪናው። ሁለቱ ካልተጣመሩ አይግባቡም፤ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ክሪስታል ካለው ደግሞ የእርስዎን መኪና እርሱ ይነዳዋል። ለመንዳት ዘመናዊ ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሪሞት ይጠቀሙ፤ የድሮውን ግን ከመኪናው አይለዩት። የሰርቮ ሽቦ ቅደም ተከተል በድሮ ሳንዋ ሪሞቶች ላይ ከዛሬው ይለያል፤ ሳያረጋግጡ ከሰኩ ሪሲቨሩን (መኪናው ውስጥ ያለውን የሬዲዮ መቀበያ) ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

እዚህ አካባቢ የት ይነዳል? በክረምትስ?

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ከኮረብታው ወረድ ሲሉ ግን የሚጠብቅዎት የአቃቂ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በጥር ወር ስንጥቁ የባጊውን የፊት ጎማ እስከ ቸርኬው ይውጠዋል፤ በፍጥነት ከገቡበት እግሩን ይዞት ይቀራል። በሐምሌ ደግሞ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ አምስት ሜትር ሳይሄዱ መኪናው ጭቃ ኳስ ይሆናል፤ ሞተሩም ይጨሳል።

ጥሩው ወቅት ጥቅምትና ኅዳር ነው። መሬቱ ጠጥሮ ገና ሳይሰነጠቅ፣ ሣሩም ታጭዶ። ከዚያ በኋላ የምንነዳው ለግንባታ ገረጋንቲ በተደፋበት ቦታ ነው፤ ለጎማ ይይዛል፣ ለኩሽኔታ ግን ጠላት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅዳሜ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት ፈጣን ይመስላል፤ አየሩ ግን አቧራውን ከኩሽኔታው አያስወጣም፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ሾክ አብዞርበር ውስጥ የሲሊኮን ዘይት ብቻ ይግባ። የሞተር ዘይት የድሮውን ጎሚኒ ሊያሳብጠው ይችላል፤ ጠዋት በብርዱ ወፍሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ይቀጥናል።

የከተማዋ ከፍታ ይጎዳቸዋል?

ትንሽ። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ሞተሩን በደንብ አያበርደውም። አንድ ባትሪ ከጨረሱ በኋላ ሞተሩን በጣት ሲነኩት እስኪያስችልዎ ይጠብቁ። በነዳጅ የሚሠሩትን አንድ ስምንተኛ ባጊዎች ለያዘ ሰው ግን ነገሩ ትልቅ ነው፤ በፋብሪካው ልክ የነዳጅ መርፌው ከተተወ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ይታፈናል። መርፌውን ጥቂት በጥቂት ማጥበብ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ እንዴት ላስቀምጣቸው?

ከመስኮት ራቅ አድርገው። የደጋ ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክ በሁለት በጋ እንደ ቅቤ ያቢጫል። ሻንሲውን በእንጨት ኩብ ላይ አሳርፈው ጎማው መሬት እንዳይነካ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ጎማው ጠፍጥፎ ይቀራል። ጎማው ከሌላ መኪና ቦዲ ጋርም አይነካካ፤ ከጎማ የሚወጣው ማለስለሻ ፕላስቲኩን ቀስ እያለ ያቀልጠዋል።

ልጄ ይንዳው?

ይንዳው። ይህ መኪና የተሠራው እንዲሮጥ ነው። ጎማው የደረቀውን ኦሪጅናል አውልቀው በአዲስ ይተኩ፤ ሞተሩን ወደ 380 ዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያ ሪሞቱን ይስጡት። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች መጀመሪያ የሚማሩት ሥነ ሥርዓት አንድ ነው፦ ሲጀምሩ አስቀድሞ ሪሞቱ ይበራል፣ ቀጥሎ መኪናው፤ ሲጨርሱ አስቀድሞ መኪናው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሪሞቱ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ መኪናው የሚያዝዘው አጥቶ በራሱ ሊነሣ ይችላል። ባለፈው ቅዳሜ የስድስት ዓመት ልጅ ሪሞቱን ተቀብላ «ጋሼ፣ መኪናው ገና ነው፤ አትንካው» ብላ እጄን ከሆርኔቱ ላይ አነሣችው። ያ ከቆራሌው ጆንያ የወጣው ሆርኔት ነበር።